አባቴ የሚቆሙባቸው አራት ቦታዎች

ጥር እንደገባ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ተነሳሁ። የደርግ ዘመን ስለነበር ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ወጥቶ መሄድ አይቻልም። እኔም ወረቀቴን በደረት ኪሴ፣ ጥቂት የሚያሸና ክኒን ደግሞ በቦርሳዬ ይዣለሁ።

የመንገዴ ጉዳይ አባቴ ነበሩ። እህቴ ዘሃራ በአንድ ነጋዴ አፍ የላከችብኝ መልእክት አጭር ነው፤ አባባ ጋደም ብለው መተኛት ትተው ግድግዳ ተደግፈው ያድራሉ፣ ጫማቸውም አልገባ ብሏቸዋል። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል እያጠብኩ፣ መርፌ እየወጋሁ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ድሬሰር ልብ መድከሙን ለማወቅ ሐኪም አይጠብቅም። የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ አባቴን ይዤ ልመለስ ወጣሁ።

ከደሴ እስከ አቀስታ

የተሳፈርኩት በጭነት መኪና ነው። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ከጨው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ወረቀታችን ታየ። የአንዲት ሴት ይለፍ ቀኑ አልፎበት ኖሮ ከነዶሮዎቿ ተመለሰች። ጉጉፍቶ ደጋው ላይ ንፋሱ ጋቢዬን አልፎ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ሾፌሩም እዚያ ቆሞ ጎማ መፈተሽ አማረው።

አቀስታ ለምሳ ደረስን። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ሁለቱም በሃምሳ ሳንቲም። ልንነሳ ስንል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ሊሳፈሩ መጡ። እጄን ብዘረጋላቸው አልፈልግም አሉ። አንድ እግራቸውን ጎማው ላይ ሰቅለው ቆዩ። ያኔ መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው እያለከለኩ ወጥተው እስኪቀመጡ ድረስ ማንም አላያቸውም። ከተቀመጡ በኋላ ሁሉም ዞሮ ሰላም አላቸው።

የአገሬ ሰው ጨዋነት ደስ አለኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከመካነ ሰላም ቁልቁል

መካነ ሰላም አድሬ ጠዋት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ወረድኩ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ቀርቶበታል። በስተምዕራብ የዓባይ ሸለቆ ጭጋግ ለብሷል።

አባቴ ሸህ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአን ሲያስቀሩ፣ የመንደሩን ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደጃፍ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። እግራቸውን በጣቴ ብጫነው፣ ጣቴ የገባበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ጥቂት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ደሴ ድረስ ከደረሱ መድኃኒት እንዳለ፣ ውኃው ወርዶላቸው ገና ብዙ ሊኖሩ እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«አብሽር፣ እንሄዳለን» አሉኝ።

ለቀትሩ የዙሁር ሶላት አብረን ወጣን። መስጊዱ ከቤታችን ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው፤ አባቴ ግን አራት ጊዜ ቆሙ። መጀመሪያ ግራሩ ሥር፤ ጎረቤታችን ይመር እዚያ ቆሞ ስለታመመች ላሙ ጠየቃቸው። ቀጥሎ ትልቁ ድንጋይ አጠገብ፤ አንዲት አሮጊት ዱዓ እንዲያደርጉላት አስቆመቻቸው። ሦስተኛው ላይ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። አራተኛው ላይ የመስጊዱን አጥር መረመሩ።

የይመር ላም ከሞተች ወር እንዳለፋት ዘሃራ ማታ ነገረችኝ። መንደሩ በየተራ እየወጣ ለአባቴ መቆሚያ ምክንያት ይሆንላቸዋል።

መስጊድ ውስጥም የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ለመንደሩ ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ግን በሰው ፊት ቆመው ሰገዱ።

ስብሰባው

ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መፈጸም ነበረበት። ሰኞ የእርከን ዘመቻ ይጀመራል። ስሙ በሥራ መዝገብ ያለ ሰው ዘመቻው እስኪያልቅ ይለፍ አይጻፍለትም። ስለዚህ አባቴ ከሥራ መዝገብ ወጥተው በአቅመ ደካሞች መዝገብ መግባት አለባቸው። አቅመ ደካማው በዛ የሚል ወቀሳ ከላይ ስለመጣ ደግሞ፣ ዕድሜ ብቻ አይበቃም ተብሎ እያንዳንዱ ሰው በስብሰባ ፊት እየታየ ነበር የሚመዘገበው።

አባቴን መከርኳቸው። ዱላዎን ይዘው፣ እንደሚቆሙት እየቆሙ ይምጡ፤ ሲጠየቁም አልችልም ይበሉ አልኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እሁድ ጠዋት ሰው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። መፈክሩ ካለቀ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንድሪስ ስማቸውን ጠራ። እንድሪስ ፊደል የቆጠረው ከአባቴ እግር ሥር ነው። አባቴ ተነሱ። ዱላቸውን ከዋርካው ጋር አስደግፈው ተዉት። ከዚያ ጀርባቸውን አቅንተው፣ አንድም ጊዜ ሳይቆሙ፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሄዱ። አካሄዱ የጎልማሳ ነበር። ጥምጣማቸው ሥር ላቡ ሲወርድ የማየው ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም።

«ሸህ ሰይድ፣ እንዴት ነዎት? እርከኑን ይችሉታል?» አለ እንድሪስ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እንድሪስ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ይመርን አየ፤ ይመር መሬት መሬቱን ያያል። አሮጊቷን አየ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ነበር፣ ሁሉም ያውቃል፣ አንድም የተናገረ የለም። ሽማግሌን በአደባባይ ደክመዋል ማለት በእኛ አገር ስድብ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የሕክምና ሰው ነህ። አባትህ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?»

አባቴ አዩኝ። ያ አስተያየት ልጅ ሆኜ ቁርአን ስሳሳት የሚያዩኝ አስተያየት ነው።

«እሳቸው እንዳሉት ነው» አልኩ።

እንድሪስ ይችላሉ ብሎ ጻፈ። ቃሉን ከአፌ ያወጣው ይሉኝታ ነው። ከስድስት ዓመት ሥራዬ፣ ከቦርሳዬ መድኃኒት፣ ከአባቴም ሕይወት በለጠብኝ። ያኔም አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ተራራው ላይ

እንድሪስ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሸሁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዱዓ ብቻ ያድርጉ አለኝ። አባቴ ግን ሰው ድንጋይ ሲያነሳ የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ሁለት ቀን ድንጋዩን ከእጃቸው እየነጠቅኩ እኔ ተሸከምኩ። ክኒኑን ሰጥቻቸው ትንሽ ቀለል ብሏቸውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ድንጋይ ላመጣ ወርጄ ስመለስ፣ በተካበው እርከን ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«እጄን ያዘኝ» አሉኝ።

ይህን ቃል በሕይወቴ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ቅሬው ወዲያው ተሰበሰበ። ቅሬ ማለት እንደ ዕድር ነው፤ ሬሳም በሽተኛም ይሸከማል፣ ለሁለቱም ቃሬዛው አንድ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አባቴን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን ወደ መካነ ሰላም ያዙት። በስብሰባው ላይ ቃል የጠፋቸው ሰዎች በትከሻቸው የሚወዳደራቸው አልነበረም። ግማሽ መንገድ ላይ እንድሪስ እየሮጠ ደረሰብን። ማኅተሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዟል፤ የአባቴ ይለፍ ነው። እጄ ላይ አስቀምጦልኝ እሱም ቃሬዛው ሥር ገባ።

የከተማው ቆርቆሮ መታየት ሲጀምር ከፊት የተሸከመው ይመር ቆመ።

«አውርዱ» አለ በቀስታ።

አወረዱ። እኔ ጎንበስ ብዬ የአባቴን እጅ ስይዝ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዞሩ።

መመለስ

ለቀብር ወደ መንደር ተመለስን፤ ሦስት ቀን ተቀምጬ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። አቀስታ ላይ ከመኪና አልወረድኩም። ኬላው ላይ ፈታሹ ኪሴን ሲያይ ሁለት ወረቀት አገኘ። የሁለተኛው ባለቤት የት አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ቀርተዋል አልኩት። እንግዲያው ይለፉ አያስፈልጋቸውም ብሎ ቀዶ ጣለው።

ቤቴ ገብቼ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ሬሳውን ያየ ሐኪም ቢኖር ልብ ድካም ብሎ ይጽፍ ነበር፤ እውነትም ነው። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ግን ሕክምና አይደለም። አንድ ሽማግሌ ሲመጡ እንዴት ነዎት ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ከቤትዎ እስከ መስጊድ፣ ከቤትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያን የት የት ይቆማሉ እላለሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ያመጣቸው ልጅ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እኔ አላዞርም፤ እስኪነግሩኝ ድረስ እያየኋቸው እጠብቃለሁ።