አባባ ይመር እንድናገር ያዘዙኝ ነገር

በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ለብዙ ዘመን ልብስ ሲሰፉ የኖሩት አባባ ይመር ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አርፈው፣ በዚያው ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። ዘጠና ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። በለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «በጣሊያን ጊዜ ለአርበኞች መልእክት ሲያቀብሉ አንድ ቃል እንኳ አላዛነፉም» ሲሉ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ጎረቤታቸው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለዕረፍት ስመጣ፣ ቤታችን መብራት ስላልነበረው ኮምፒዩተሬን ይዤ ሱቃቸው እቀመጥ ነበር። ዩኒፎርም የተቀደደበት ተማሪ ከመጣ የያዙትን ሥራ ትተው የእሱን ይጠግናሉ። ደንበኛ ቢያጉረመርም፣ «አንተን የሚጠብቅህ ደወል የለ፤ ተቀመጥ» ይሉታል።

አንድ ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የምትጽፊለት ሰው መልስ አይሰጥም እንዴ?» አሉኝ።

የምሠራው የመመረቂያ ሥራዬን ነበር፤ ትንንሽ የፕሮግራም ክፍሎችን በተራ እየጠራ የሚያያይዝ አነስተኛ የኮድ ላይብረሪ። «አባባ፣ አንዱ ክፍል የደረሰበትን ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ያም ለሚቀጥለው» ብዬ አስረዳኋቸው።

«ቅብብሎሽ ነዋ! እንደ እኛ። መሐል ላይ ያለው ቢያቅተውስ?»

«አይቆምም» አልሁ፣ ኮራ ብዬ። «የጎደለውን በሚመስለው ነገር ሞልቶ ይቀጥላል።»

የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «ሙላ ያለው ማን ነው?»

ከዚያ ነገሩኝ። ጎረምሳ ሳሉ ከይፋግ የተነሣ መልእክት በሰው በሰው እየተላለፈ በእሳቸው በኩል ያልፍ ነበር። እያንዳንዱ የሚያውቀው መልእክቱን የሰጠውንና ከእሱ የሚቀበለውን ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን የጣሊያን ወታደሮች የሚወጡበት ቀንና መንገድ ተነገራቸው። ኬላ ላይ ሲፈተሹ ደነገጡ፤ ሲያልፉ ቀኑ ትዝ አላቸው፣ መንገዱ ግን ጠፋቸው። ተመልሰው «ረሳሁ» ማለት አሳፈራቸው። «በጋፋት በኩል» ብለው ገምተው አቀበሉ። አርበኞቹ በጋፋት በኩል ሲያደፍጡ ወታደሮቹ በወንዝ ዳር መጡ። ቤት ተቃጠለ፤ አንዲት ሴት ሞተች።

«ከእኔ በኋላ ያሉት ሁሉ ታማኞች ነበሩ» አሉኝ። «ውሸቴን ሳያጎድሉ አደረሱት።»

ቀና ሳይሉ መኪናቸውን ዘይት እየቀቡ ቀጠሉ፦ «ስሞት ያወድሱኛል። ያኔ ንገሪያቸው። እኔ ለዘመዶቿ ልናገር ስንት ጊዜ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።»

ያን ሳምንት የሚሞላውን ክፍል ከኮዱ አወጣሁት። አሁን ላይብረሪው አንዱ ክፍል ሲያቅተው ይቆማል፤ የቱ ላይ እንደቆመም ይናገራል። በዚያው ሥራ ተመረቅሁ። ምክሩ የእሳቸው መሆኑን ግን ለማንም አልተናገርሁም፤ ታሪኩን አብሬ መናገር ሊኖርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እናንተ የምታውቋቸው ወዳጆቻቸው፣ ይህን የጻፍሁት ክብራቸውን ልቀንስ አይደለም። ልብስ የሰፉላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለደወል ያደረሱላችሁ ሰው እኒሁ ናቸው። ይህንንም ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

አባባ ይመር፣ በለቅሶው ላይ አፌ እምቢ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ፤ ከነገሩኝ ላይ አልጨመርሁም። ነገ የሴትዮዋ የልጅ ልጆች ወዳሉበት መንደር እወርዳለሁ። ይቅር ይሉዎታል ብዬ ላጽናናዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን አላውቅም። አላህ ይዘንልዎ። ደህና ይረፉ።