«ጥርት ያለ» ተብሎ የተጻፈ ጉም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ የተጣለ መጽሔት አነሳሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማዴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሳይቀር አነባለሁ፤ ረሃቡ አልወጣልኝም።

መጽሔቱ የሰማይ ነገር ይዟል። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች የነበሩ፣ ኮከብ የሚወልዱ ጋላክሲዎችን የከበበውን ጋዝ ሳይንቲስቶች እንደደረሱበት ያትታል። ጮክ ብዬ ሳነብ አስተካካዩ መቀሱን አቆመ።

«ጋሼ፣ እኛ እዚህ አንድ ሲሊንደር ለማስሞላት ሳምንት ተሰልፈናል፤ እነሱ ጋዙን ሰማይ ላይ አገኙት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ገጹን ስገልጥ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። የዶክተር ሰብለ ፎቶግራፍ ነው፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ስለ ጋዙ ካብራራች በኋላ፣ በወጣትነቷ አንኮበር ላይ ለቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ ስታጠና እንደነበረ፣ ጥናቱም «ማንበብ የማይችል ጠባቂ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ» እንደከሸፈ ትናገራለች።

ያ ጠባቂ እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ተመራማሪዎች ከጎረቤላ ከተማ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆርቆሮ ዛኒጋባ ሠሩና ቀጠሩኝ። ሥራዬ ዕቃቸውን መጠበቅ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሰማዩን ማየት ነበር። ጥርት ያለ ነው ወይስ ጉም? ቀላል ይመስላል። አንኮበርን ለማያውቅ ቀላል ነው።

በእኛ አፋፍ ጉም ከላይ አይወርድም፤ ከታች ነው የሚወጣው። በበጋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ከአሊዩ አምባ በኩል የቆላው ሙቀት ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይመጣል። አሥር ሰዓት ላይ ከሥር የማሽላው ማሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሥራ አንድ ላይ ማሳው የለም። አሥራ ሁለት ላይ የገዛ እግርህን ትፈልጋለህ። ጉሙ እርጥብ ጭድ ይሸታል፤ የጨበጥከው ቆሎ እጅህ ላይ ይለሰልሳል።

ዶክተር ሰብለ በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሳምንት እዚያው ቆየች። በዕድሜ በጥቂት ነው የምትበልጠኝ። ደግ ነበረች፣ አልዋሽም፤ በሶዬን በጥብጬ ስሰጣት «ትንሽ ጨው ጨምርበት» እያለች ትጠጣ ነበር። አንድ ምሽት ከአሊዩ አምባ የሚወጣ የጭነት መኪና መብራት ጉም ውስጥ ደብዝዞ ሲንገዳገድ አየን።

«አየህ ተክሌ፣» አለችኝ፣ «የኛም ሥራ ይኼው ነው። እጅግ ሩቅ ደማቅ ብርሃን አለ። በመሀል ጋላክሲ አለ፤ ዙሪያውን ጋዝ ከቦታል። ጋዙን አናየውም። ብርሃኑ በሱ ውስጥ ሲያልፍ ግን ይጎድልበታል። የጎደለውን ለክተን ጋዙ አለ እንላለን።»

«ሳታዩት?»

«ሳናየው። ኮከቦች የሚሠሩት ከዚያ ጋዝ ነው። ብርሃኑም ጉዞ የጀመረው መሬት ሳትፈጠር ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ጉም መብራት እንደሚበላ እንኳን እኔ በቅሎዬም ታውቃለች። ብቻ ተምረው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ ሰዎች እኔን አስቀምጠው ሲያስረዱኝ ደረቴ ሰፋ።

እነሱ ሲመለሱ አስተባባሪ ተብሎ የቀረው አቶ ጌታነህ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ደብረ ብርሃን ሆቴል ይዞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤላ ይመጣል። አፋፉ ላይ አንድ ቀን አልወጣም፤ ብርዱ ደረቱን ያመዋል አሉ። እኔ መጻፍ ስለማልችል ኅዳርን ሙሉ የጋቢዬን ዘርፍ መዝገብ አደረግሁት። ጉም ለነበረበት ምሽት አንዷን ዘርፍ እቋጥራለሁ፤ ለጠራው ምሽት አንዷን ሳልቋጥር አልፋለሁ። ቅዳሜ ዘርፉን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ «ሰኞ ጉም፣ ማክሰኞ ጉም፣ ረቡዕ ጥርት ያለ» እለዋለሁ። እሱ ይጽፋል። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ ያሳትመኛል።

በታኅሣሥ መጨረሻ ቴሌስኮፑ በመኪና ተጭኖ መጣ። ዶክተር ሰብለና ጓደኞቿ ዐሥር ምሽት ቆሙ፤ ዐሥሩንም ጉም ተመገቡ። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ጎረቤላ መሀል አስጠሩኝ። ጌታነህ ወረቀቶቹን ፊቴ ላይ አወዛወዘ።

«ይኸው! ጣትህ አይደለም? ሰማዩ ጠርቷል ብለህ አይደል ያተምከው?»

«እኔ? ወረቀቱን ይስጡኝ።»

ነጥቄው ከአሊዩ አምባ በርበሬና ሸንኮራ ይዞ ለሚወጣው ነጋዴ፣ ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁት። እሱ ማንበብ ይችላል። ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀና ጮክ ብሎ ጀመረ።

«ሰኞ ጥርት ያለ። ማክሰኞ ጥርት ያለ። ረቡዕ ጥርት ያለ...»

«ሌላ ቃል የለም?»

«ወላሂ የለም! ይኼ ሰውዬ የተማረው አንድ ቃል ነው እንዴ? አንተ ተክሌ፣ ይኼ የደብረ ብርሃን ሰማይ ነው። በሆቴሉ መስኮት እያየ ነው የጻፈው።»

ገበያተኛው ሳቀ። ጋቢዬን ዘርግቼ ቋጠሮዎቹን አሳየሁ። ጌታነህ፣ «ወንድሜ፣ እሱን ለአጣቢ ስጠው» አለ፤ ሳቁ ወደኔ ዞረ። ዶክተር ሰብለ ብቻ አልሳቀችም። ዘርፉን በእጇ ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ። እንዳመነችኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ተክሌ፣» አለች ዝቅ ብላ፣ «ጋቢ ለኮሚቴ እንዴት አድርጌ ላቅርብ?»

«እርስዎ ያላዩትን ጋዝ ከጎደለ ብርሃን ያምናሉ፤» አልኳት፣ «እኔን ፊትዎ ቆሜ አያምኑኝም?»

ዘርፉን ከእጇ ለቀቀች። መኪና ውስጥ ገባች። ቴሌስኮፑም ተጭኖ ሄደ።

ለአገሬው ከቴሌስኮፑ ጋር መንገድና መብራት ይመጣል ተብሎ ነበር። ሲቀር ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ። ልጆች ሳይቀሩ «ሰማዩን ያባረረ» አሉኝ። የታጨችልኝ ልጅ አባት ሽማግሌዎቼን ከደጅ መለሷቸው፤ «በጣቱ የዋሸ በአፉ ምን አይል!» ብለው። ከዚያ በኋላ አንኮበር ላይ ምን ቀረኝ? ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ የሰው በር ጠበቅሁ፤ ጎልምሼ ከልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ «ሀ ሁ» አልኩ። ለዕውቀት ፍቅር ብዬ አይደለም። በንዴት ነው የተማርኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በራሴ ላይም ቢሆን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጌታነህ «ላንብብልህ?» ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሰይድም ዐሥር እርምጃ ርቆ በርበሬውን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ጠርቼው ቢሆን ሁሉም ነገር እዚያው ይወጣ ነበር። «አያስፈልግም» አልኩ። ሰው ፊት ሲነበብልኝ መታየቱን ጠልቼ ነው። ኩራቱ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ውሸቱ ግን የኔ አይደለም፤ ሌላ ሰው የጻፈው፣ ዶክተር ሰብለም አውቃ ዝም ያለችበት ነው። አሁን ደግሞ ዝምታው አልበቃ ብሏት በመጽሔት አሳተመችው።

ሩቅ ያለውን ጋዝ ትለካ፤ ደስ ይበላት፣ ሥራዋ ነው። እኔ የምጠይቃት መሬት ሳትፈጠር ስለነበረ ነገር አይደለም። በገዛ እጇ ይዛ የቆጠረችውን ነው። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ረስታው እንደሆነ እነሆ ጽፌላታለሁ፦ በዚያ ኅዳር ወር ከሠላሳው ምሽት ዐሥራ ዘጠኙ ጉም ነበር።