ስኳር የጠጣው ዳንቴል

የሄድኩ ዕለት ማታ እማዬ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቃል በቃል ነው የምላችሁ። ዚፑ አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አልነሳም አለች። ውጭ ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ አባዬ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ቁጭ ብላ የሶፋውን ዳንቴል ጫፍ በጣቷ ታስተካክላለች።

"እማዬ፣ ተነሺ በቃ። የጦር ኃይሎችን መንገድ ታውቂው የለ እንዴ?"

"ምን አቻኮለሽ? አውሮፕላኑ የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ መሰለሽ፣ ወያላ እየጠራ የሚሞላው?"

"ሞላም አልሞላም ይሄዳል።"

"ይሂዳ።"

በመጨረሻ አባዬ ነው በእጇ ይዞ ያስነሳት። ሲያስነሳት ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፣ ሻንጣውን ጎትቼ ወጣሁ። ኮልፌን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ልያት ብዬ ነበር፣ የታክሲው መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኖ ምንም አላየሁም። መብራት ብቻ፣ ቢጫ ቢጫ፣ እንደ ክር ኳስ እየተንከባለለ ወደ ኋላ ሲቀር።

ጀርመን ደርሼ ሻንጣዬን ስከፍተው ሽሮ የለ፣ በርበሬ የለ። ለካ እማዬ እኔ ሳላይ አውጥታ ዳንቴል ሞልታበታለች። የሶፋ፣ የጠረጴዛ፣ የቴሌቪዥን፣ የፍሪጅ፣ ለሪሞት ሳይቀር። ከሥር ኪሮሽ እና ነጭ ክር። ደውዬ ጮህኩባት።

"እማዬ፣ እኔ እዚህ ምን ልበላ ነው?"

"ምግብ እነሱም አላቸው አሉ። ራቁቱን በቆመ ቤት ገብተሽ እንዳታሳፍሪኝ ነው።"

"ማን አይቶኝ?"

"ሰው አይጠፋም።"

እናቴን ለማታውቁ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ክር ነው የምትሸጠው። ደንበኛ እስኪመጣ ደግሞ የራሷን ሸቀጥ ራሷ ትሠራዋለች። እኛ ቤት ያልለበሰ ዕቃ የለም። በዓል ሲደርስ ዳንቴሉ ሁሉ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ስኳር በሟሟበት ውሃ ይነከራል፣ ፍራሽ ላይ ተወጥሮ ፀሐይ ይመታዋል። ሲደርቅ ስኳሩ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ጫፉ ላይ ያለው አበባ ሁሉ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ቤቱን እናለብሳለን። ጎረቤት ለእንኳን አደረሳችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እናቴን አይደለም፣ ዳንቴሏን ነው። እኔ ይሄንን ሥራ ስጠላው ነው ያደግኩት። ትችላለሽ ወይ ካላችሁኝ እችላለሁ። የክር ነጋዴ ልጅ ሆነሽ አለመቻል አይቻልም። ግን አካውንቲንግ ተመርቄ ለፍሪጅ ቀሚስ ልሠራ? በፍጹም።

አሁን ያለሁት በምሥራቅ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ ሙያውን እማራለሁ፣ አውስቢልዱንግ ይሉታል። ዲግሪሽስ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ከፍሪጁ ዳንቴል ጋር አብሮ ተኝቷል።

ዳቦው ድድ ያቆስላል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፣ የሞተ ሰው ሸኝተው የሚመለሱ ነው የሚመስሉት። አንድ ቀን ስልክ አንስቼ "ሄሎ አባዬ" ስል አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ቀን አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ወጨጫ ተራራ ላይ ተደግፋ ታያችኋለች።

ክፍሌ ከጣሪያው ሥር ናት። ባለቤቷ ፍራው ክራመር ትባላለች፣ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ ምድር ቤት ብቻዋን የምትኖር ረጅም ሴትዮ። አንቱ ብላ ነው የምታናግረኝ። አንቱታው አከበረችኝ አያሰኝም፤ እዚህ አገር የሚጠላሽም አንቱ ይልሻል። ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛው ራቁቱን፣ ቴሌቪዥኑ ራቁቱን ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

ዋናው ነገር ግን ፊርማዋ ነው። እዚህ አገር ስትገቢ የምትኖሪበትን ቤት ታስመዘግቢያለሽ፣ ለዚያ ደግሞ የአከራይሽ ፊርማ ያስፈልጋል። ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጡም። ቪዛዬ ጥር ላይ ያልቃል። ፍራው ክራመር "መጀመሪያ እንተዋወቅ፣ ገና ካለፈ በኋላ እፈርማለሁ" አለችኝ። መዝጋቢው ቢሮ ሄድኩ።

"አድራሻ አለዎት?" አለኝ ሰውዬው።

"አለኝ። እዚሁ ጀርባችሁ።"

"የአከራይ ፊርማስ?"

"ወደፊት እፈርማለሁ ብላኛለች።"

"እንግዲያው አድራሻ የለዎትም።"

"ትናንት ማታ እዚያ ነው ያደርኩት እኮ።"

"ማደር ሌላ ነው።"

"ካላመኑኝ ልውሰድዎትና ይዩት፣ አልጋው አልተነጠፈም እንጂ።"

"ቀጣይ" አለ፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው እያየ።

እማዬም ይሄን ታውቃለች። በደወለች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ፈረመች?" ነው። "አልፈረመችም" ስላት "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እግዜር ያውቃል" ትለኛለች፣ ግን ድምፅዋ ቀለል ይላል። አላጣሁትም። ካልፈረመች የምመለሰው ወዴት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኅዳር ላይ ነው ኪሮሹን ያነሳሁት። ከሥራ ስመለስ ውጭው ጨልሟል፣ የማናግረው ሰው የለም፣ እጄ ዝም ብሎ ይቀመጥ ዘንድ አልተፈጠረም። በረዶው ያለ ድምፅ ይወርዳል። የኛ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰፈሩን ሁሉ ያስተኛዋል፣ ያዋራሻል፤ የዚህ አገሩ ግን እንደወረደ እንኳ አይነግርሽም። መስኮቱ ሥር እቀመጥና ሰንሰለት እጀምራለሁ። ክሩ ሲሄድ እኔም እሄዳለሁ። አንድ ዙር ሲያልቅ ክረምት ነው፣ ወጨጫ በጉም ተውጧል፣ እማዬ ሱቋ ውስጥ ሰማያዊውን ከቢጫው እየለየች ትደረድራለች። ሌላ ዙር ሲያልቅ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነኝ፣ ወያላው አስኮ፣ አስኮ፣ የሞላ፣ አንድ ሰው ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ልገባ እግሬን ሳነሳ ክሩ ያልቅብኛል፣ ቀና ስል ፍራው ክራመር ከሥር በሩን ስትቆልፍ እሰማለሁ።

እንደዚያ እንደዚያ እያልኩ ሳላስበው ለመስኮቱ ደፍ ሠራሁለት። ከዚያ ለወንበሩ። ለመብራቱ ሥር ክብ። እማዬ የላከችው ለጠረጴዛው ሆነ። የኮልፌ ፍሪጅ ዳንቴል ለዚህ ፍሪጅ ሰፋ፣ እሱን ለልብስ ሳጥኑ አደረግኩት። እሄዳለሁ፣ ይሄን አገር አልወደውም እያልኩ ነው ይሄን ሁሉ የምሠራው።

የነሱ ገና መጥቶ አለፈ። በኛ ዋዜማ ከሥራ ስመለስ የገና ዛፋቸውን ሁሉ አውጥተው መንገድ ዳር ጥለውታል። በየደጁ ዛፍ ወድቋል፣ አንዳንዱ ላይ ብልጭልጩ አልለቀቀውም። ጫካ ውስጥ የምሄድ መሰለኝ፣ ጫካው ግን ተኝቷል። የኛ በዓል ገና ሊገባ ነው፣ አገሩ ደግሞ በዓሉን ጠርጎ እየጨረሰ ነው። ደሜ ፈላ። ገብቼ ዳንቴሉን ሁሉ አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ ድስት ሙሉ ስኳር በጠበጥኩ፣ እንደ እናቴ ነከርኩት።

ግን ፀሐይ የለም። ኮልፌ ቢሆን እስከ ቀትር ይደርቅ ነበር። እዚህ በዚህ ብርድ ቢሰጣ እስከ ፋሲካም አይደርቅ። እማዬ ብትሆን ትጠብቃለች፣ እኔ መጠበቅ አልችልም። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛኋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረችኝ፣ እሷን ለኮስኩና የጠረጴዛውን ዳንቴል ወንበር ላይ ሰቅዬ አስጠጋሁት። ጠብ አለ። የስኳሩ ውሃ የጋለው ሽቦ ላይ ነው ጠብ ያለው። አንዴ ጥሩ ሸተተ፣ እንደ ከረሜላ። ቀጥሎ ጭስ ሆነ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይጮህ ጀመር።

ፍራው ክራመር ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አላውቅም። ስትገባ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ያንን ነገር በፎጣ አራግበዋለሁ።

"ምንድን ነው የሚያቃጥሉት?"

"ስኳር።"

"ስኳር ለምን ይቃጠላል?"

"ዳንቴሉ ላይ ስለነበረ።"

"ስኳር ዳንቴል ላይ ምን ይሠራል?"

"ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው።"

"ለምን ይቆማል?"

"በዓል ስለሆነ።"

"በዓሉ አልፏል።"

"የእኛ ነገ ነው።"

ማሞቂያዋን ከሶኬቱ ነቀለች፣ መስኮቱን ከፈተች። ድምፁ ቆመ። ከዚያ ነው ክፍሉን ያየችው። ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ መብራቱን፣ ሳጥኑን፣ የመስኮቱን ደፍ። እርጥቡን ዳንቴል በሁለት ጣት አነሳችና ጣቷን ቀመሰች።

"እናቴም በስኳር ነበር የምታደርገው" አለች። "እኛ ልጆቹ ጫፉን እንልሰው ነበር።"

ደስ አለኝ። አለቀ፣ ፈረመች አልኩ በሆዴ።

"ስትሞት ሁሉንም ጣልኩት" አለች ቀጥላ። "አቧራ ይሰበስባል። አሁን ይሄንን ሁሉ ያንሱት።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። እሳት የሚበላው ነገር ነው።"

"ማሞቂያዋን ልጣላት። ዳንቴሉ ምን አደረገ?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የተቆጣች አትመስልም፣ የደከማት ነው የምትመስለው። "እኔ ያከራየሁዎት ክፍል ነው" አለችኝ። "እርስዎ ቤት እየሠሩ ነው። ቤት የሠራ ሰው አይሄድም። እኔ ደግሞ የምትሄድ ልጅ ነው የምፈልገው። ካነሱት ነገ ጠዋት እፈርማለሁ። ካላነሱት ሌላ ቦታ ይፈልጉ።"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። እኔ እኮ መሄድ ነው የምፈልገው ልላት ነበር፣ በየቀኑ የምለው ነው። ዞር ብዬ ክፍሉን ሳየው የሚሄድ ሰው ክፍል አይደለም።

ካነሳሁት ወረቀቱ አለ። ካላነሳሁት ቦሌ ነው። አነሳሁት። እርጥቡን እርጥቡን አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፣ ስኳሩ እጄ ላይ ተጣበቀ። ጠዋት ፍራው ክራመር መጣች፣ ክፍሉን አየች፣ ምንም ሳትል ጠረጴዛው ላይ ፈረመች። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ "መልካም በዓል" አለችኝ። ከልቧ ነበር መሰለኝ። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ትንሽ ቆይቶ እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ቤቱ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ፣ አባዬ ነጠላውን አጣፍቶ ቁጭ ብሏል።

"እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ። ካሜራውን አዙሪና ቤትሽን ልይልሽ።"

"በኋላ አይሻልም?"

"አሁን ነው እንጂ በዓሉ።"

አዞርኩት። ባዶ ጠረጴዛ፣ ባዶ ወንበር፣ ባዶ መስኮት። እማዬ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

"ምነው? ማን ሞተ?"

እኛ ሰፈር በዓመት በዓል ዳንቴል የሚያነሳ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ብቻ ነው።

"ማንም አልሞተም እማዬ። አከራዬ አንሺ አለችኝ። ሳነሳው ፈረመች።"

"ፈረመች?"

"ፈረመች።"

ስልኩን ሶፋው ላይ ጣለችው። የቤታችን ኮርኒስ ብቻ ታየኝ፣ ባለፈው ክረምት ዝናብ ያበላሸው ጥግ። አባዬ "ምን አለችሽ?" ሲላት ሰማሁ።

"ቀረች" አለችው።

ኮርኒሱን አየሁ። ከውጭ የሆነ ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል፣ በግ ይጮሃል፣ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚመጣ ይመስላል። እማዬ ስልኩን ስታነሳው መነጽሯን አድርጋለች። አይኗ ቀልቷል። እጇ ላይ ኪሮሽ አለ።

"መስኮቱ ስንት ስንዝር ነው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ አይቻልም አልኩሽ እኮ። ሴትዮዋ—"

"ሴትዮዋን ጠየቅኩሽ? መስኮቱን ነው።"

"ብትልኪውም አልሰቅለውም።"

"ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። የቤትሽን ልክ አልወቅ እንዴ እኔ?"

ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደገፍኩና ወንበር ላይ ወጣሁ። መዳፌን መስታወቱ ላይ ዘረጋሁት፣ ይቀዘቅዛል።

"እንደ ልማድሽ እንዳትቸኩዪ" አለች። "ከተሳሳትሽ እንደገና ጀምሪ።"

ቀስ ብዬ ለካሁ፣ አንድ ጊዜም አልተሳሳትኩም። ልነግራት አፌን ስከፍት አንገቷን ደፍታ፣ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ትጠብቃለች። ከነገርኳት ስልኩን ትዘጋዋለች።

"ተሳሳትኩ እማዬ" አልኳት፣ እጄንም ወደ ዳር መለስኩት።