ጭስ የሌለው ከሰል

ሰፈሩ «ሰጋቱራው» ይለዋል። ዕድሜውን የፈጀው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነው። ማታ ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሶ ሲመጣ ሚስቱ በር ላይ በመጥረጊያ እያራገፈች፣ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ግንድ አቅፈህ ዋልክ?» ትለው ነበር።

ተጫዋች ሴት ነበረች። ደረቷ ግን ደህና አልነበረም። ማድቤታቸው መስኮት የለውም፤ ዘመኗን ሁሉ በእርጥብ እንጨት ጭስ ስትታጠን ኖራ ሳሉ እንቅልፍ ነሳት። ሐኪሙም፣ «ከጭሱ ካልራቅሽ መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አይፈይድልሽም» አላት።

ባልየው ይህን ሰምቶ መቀመጥ አልቻለም። መሰንጠቂያው ደጅ የሚጣለውን ሰጋቱራ በጆንያ ያመጣ ጀመር። በርሜል ውስጥ አፍኖ ያከስለዋል፤ ይወቅጠዋል፤ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ለውሶ በቧንቧ ቁራጭ እየጠቀጠቀ ጥፍጥፍ ያወጣል። የመጀመሪያው ገና ሳይደርቅ ፈራረሰ። ሁለተኛው እሳት አልይዝም አለ።

«ድንጋይ ስትጋግር ከረምክ እኮ አንተ ሰውዬ!» ብላ ሳቀችበት።

አንድ ምሽት ግን ምድጃው ላይ ያለ ጭስ ፍም ሆኖ ቀላ። ሴትዮዋ አጎንብሳ እፍ አለችበት። ሳሉ አልመጣም። «እጅህን ይባርከው» አለችው። ቀልድ አልጨመረችበትም።

ጎረቤቱም ለኛም ስጠን ይል ጀመር። ብዙም ሳይቆይ መሰንጠቂያው ቤት ተዘጋና ሠራተኛው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው ከሰሉ ብቻ ሆነ። ሰጋቱራ ሲጠፋ ከአናጺዎች ፍቅፋቂ፣ ከወፍጮ ቤት ገለባ፣ ከየመንገዱ የረገፈ ቅጠል ይለቅማል። እሱ ሲለቅም ሲያከስል ይውላል፤ መውቀጡና መንፋቱ በሚስቱ ላይ ወደቀ። ክረምት ሲገባ ሥራው ከግቢ ወደ ቤት ገባ። በሩ ለዝናቡ ሲባል ይዘጋል። ወንፊቱ በተነቀነቀ ቁጥር ብናኙ ክፍሉን ይሞላዋል።

«እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለቻት ልጇ።

«ከሰው ደጅ ቆሜ ከምለምን፣ ጠቁሬ ብገኝ ይሻለኛል።»

ጥቁር አክታ ታወጣ ነበር። በጨርቅ እየጠቀለለች ፍራሹ ሥር ትሸሽገዋለች። ባልየው አንድ ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላስመታ ብሎ ሲያነሳው ጨርቆቹን አያቸው። የያዘውን ጥሎ፣ ደግፏት ወደዚያው ሐኪም ሮጠ።

ሐኪሙ መዳፏን ገልብጦ አየው። ጥቁረቱ በውኃ የሚለቅ አልነበረም።

«ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?»

«ከሰል ነው» አለ ባልየው ቀድሟት። «ጭስ የለውም ዶክተር። ለሷ ብዬ ነው የሠራሁት።»

«ጭስ ባይኖረውስ? ብናኙስ?»

ሚስቱ የባሏን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ «እሱ ምን ያውቃል? አትቆጡት» አለች። እዚያ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ያለችውን እህል እስኪጨርሱ ድረስ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ። እህሉ ሲያልቅ ተነስቶ ሙቀጫውን አወጣ። ልጅቷ ወንፊቱን ልታነሳ እጇን ብትዘረጋ፣ ክፉ ቃል ተናግሯት የማያውቅ አባት፣ «አትንኪው ብያለሁ! ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባት። እያለቀሰች ወጣች፤ አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

እሱ ብቻውን በሩን ዘግቶ ይወቅጣል። ጎረቤቱ አዝኖለት፣ «ወንድሜ፣ አንተም እኮ ልትሞት ነው። ለምን አትተወውም?» አለው።

«ትቼ ምን ልበላ?» አለና ዘነዘናውን አነሳ።