የሰንበት ገጽ

የወይዘሮ ይታየሽ እግር ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይመላለሳሉ። ከበረንዳው ቁልቁል ሲያዩ በእስራኤል፣ ሬሖቮት ከተማ ያለችው ሰፈራቸው ክርያት ሞሼ ለፋሲካ ሽር ጉድ ላይ ናት፤ ሴቱ ምንጣፉን አጥር ላይ ዘርግቶ ይደበድባል፣ የታጠበው ደረጃ ውኃ እስከ መንገዱ ይወርዳል፣ ከከተማው ዳር ከተረፉት የብርቱካን እርሻዎች የአበባው ሽታ በነፋስ ይመጣል። የእሳቸው ቤት ከጸዳ ሰንብቷል። ቁምሳጥኑ ተፈትሿል፤ እንደ በዓሉ ሕግ እርሾ የነካው ሁሉ ወጥቷል። ልባቸው ግን አላረፈም። የዓመቱ ወረቀታቸው ከቤት ውጭ አድሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና የወረቀቱን ታሪክ ከመነሻው መያዝ ይሻላል።

ይታየሽ ተወልደው ያደጉት ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ነው። አባታቸው አንጥረኛ ነበሩ። ልጃቸውን ታይፕ እንድትማር ወደ ከተማ ሲልኳት አንድ ጎረቤት፣ ሴቷንም ብረት ልታስቀጠቅጣት ነው ወይ ብሎ ቢያላግጥባቸው፣ የአንጥረኛ ልጅ ሌላ ምን ልትቀጠቅጥ ኖሯል ብለው መለሱለት ይባላል። እንዳሉትም ልጅቱ በእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ዓመታት ቀጠቀጠች። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ፊደሉ ይመታል፣ ቀጥሎ ቅጥያው ከጎኑ ወይም ከእግሩ ይለጠፍለታል፤ እጁ የቸኮለ እንደሆነ ጽሑፉ ከጠላ ቤት እንደ ወጣ ሰው ይንገዳገዳል። የይታየሽ መስመር ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ከዚያ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ያ የሰማንያ ሦስቱ የግንቦት ሰንበት መጣ። ከአዲስ አበባ ሲነሡ ይታየሽ በእጃቸው የያዙት ዕቃ አልነበረም፤ ልጃቸው በጀርባቸው፣ ባላቸው ቢራራ ከጎናቸው፣ ቁጥር በልብሳቸው ላይ ተለጥፎ፣ ያ ብቻ ነው። አባታቸው አብረዋቸው ነበሩ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነፍስ ለማዳን ከሆነ እናታችን ሰንበት አትቀየመንም እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

ሬሖቮት ሲገቡ ቢራራ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ተቀጠሩ፤ ማሸጊያ ቤቱ ሲዘጋ ዘበኛ ሆኑ። ይታየሽ በአንድ የምርምር ተቋም ማታ ማታ ኒካዮን ያዙ፤ የጽዳት ሥራ ማለት ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የወለወሉት ጠረጴዛ ይህ ነው አይባልም። ታይፕ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አላወሩም። ጣቶቻቸው ግን አልረሱም። ቢራራ ሲተርቧቸው፣ ሌሊት በእንቅልፍሽ ጀርባዬ ላይ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም ይሏቸው ነበር።

የቢራራ ታናሽ ወንድም ደበበ ኋላ በመጣው ዙር ሲገባ፣ ሌላው ሰው በርበሬና ሽሮ ይዞ ሲወርድ እሱ በጋቢ የተጠቀለለ ብረት ተሸክሞ ወረደ። ጎንደር ውስጥ አሮጌ የመሥሪያ ቤት ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ ያገኘው የጽሕፈት መኪና ነበር። ቢራራ ጋቢው ሲፈታ አይተው፣ “በርበሬውስ?” አሉ። ይታየሽ እጃቸውን ታጥበው መጡና ከመኪናው ፊት ተቀመጡ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየቀኑ አንድ ገጽ ይመታሉ። ትልቅ ነገር አይደለም የሚጽፉት። ነፋሱ የአሸዋ ሽታ ይዞ መምጣቱን ይጽፋሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወታደር ቆሞ ማንቀላፋቱን፣ ማንም እንዳልቀሰቀሰውና መውረጃው እንዳለፈው ይጽፋሉ፤ ቢራራ የጀመሩት ተረት ሳያልቅ እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው፣ ጅቡም ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደ ቀረ ይጽፋሉ። ከታች ፎቅ ያለችው ናዕማም ድምፁን ለምዳዋለች፤ መኪናው ዝም ያለ እንደሆነ ደውላ ደኅና መሆናቸውን ትጠይቃለች።

ሰንበት ቀን ግን አይጻፍም። አባታቸው በልጅነታቸው፣ ሰንበት የቀኖች እመቤት ናት፣ እሷን ዘልሎ ሳምንት የሚቆጥር ሰው እናቱን ዘልሎ ዘመዶቹን የሚቆጥር ነው ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ይታየሽ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናውን በጨርቅ ይሸፍኑና ከጨርቁ በላይ አንድ ነጭ ወረቀት ያኖራሉ። ወረቀቱ ሰንበትን እዚያው ይውላል። እሑድ ጠዋት አንሥተው ከዓርቡ ገጽ ቀጥሎ ያስገቡታል። አንድም ፊደል የለበትም፤ ቢሆንም የሰንበት ገጽ ነው፣ ቦታውም የታወቀ ነው።

ዓመቱ የሚጠረዘው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። በአገር ቤት ሴቱ አሮጌውን ሸክላ ሰብሮ አዲስ በሚያወጣበት በዚህ ሰሞን፣ ይታየሽ አሮጌውን ዓመት ሰፍተው ያስቀምጣሉ። የሚሰፉትም ሌማትና መሶብ በሚሰፉበት ወስፌ ነው። ጠርዙን እየበሱ በሰም የታሸ ክር ያሳልፉበታል፤ ከብርቱካን ካርቶን ልባስ ያበጁለታል፤ በካርቶኑ ላይ ያረጀ ቀሚስ ቆርጠው ይለጥፋሉ። መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን ጥራዞች ያየ ሰው ይታየሽ በየዓመቱ ምን ይለብሱ እንደ ነበር ማወቅ ይችላል።

የዘንድሮው ልባስ ግን የቢራራ ሸሚዝ ነው። ቢራራ በብርዱ ወራት አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረችው ሰንበት፣ እንደ ልማዳቸው ከመኪናው አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቢራራ ሻይ ብቻቸውን መጠጣት አይወዱም፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ በረንዳ ወጥተው መንገደኛ ይጠራሉ፤ የሚያውቁት ይሁን የማያውቁት ግድ የላቸውም። ያን ቀን ግን ለመነሣት ጉልበት አጡ። ይታየሽ ከዓርብ ጀምሮ በፔርሙስ የቆየውን ሻይ ቀድተው ሰጧቸውና ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ብርጭቆው በሰንበት ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ቢያነሡት ቡናማ ክብ ትቷል።

“ሰንበቴን አቆሸሽክብኝ” አሏቸው።

“ሰንበት ሻይ አትጠጣም ያለሽ ማነው?” አሉ ቢራራ።

ሳምንቱ ሳይጋመስ አረፉ። ወረቀቱ ከዓመቱ ገጾች መካከል በቦታው ገባ። ከቢራራ የቀረው ፎቶም ልብስም ብዙ ነው፤ የዚያች የመጨረሻ ሰንበት ቢራራን የያዘው ግን ያ ክብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ለጥረዛ ቢቀመጡ የቀኝ አውራ ጣታቸው ወስፌውን መግፋት እምቢ አለ። ቢያስገድዱት አበጠ። የልጅ ልጃቸው ኦርታል ልትጠይቃቸው መጥታ ጣታቸውን በበረዶ ይዘው አገኘቻቸውና፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ ሄርጽል ጎዳና ላይ የወረቀት ማባዣ ቤት አለ፣ በማሽን አስጠርዤ በማግሥቱ አመጣዋለሁ፣ ቤሰደር፣ እሺ አይደል? አለቻቸው። ይታየሽ አቅማሙ። ፋሲካ ደግሞ እየገፋ መጣ፤ አሮጌውን ዓመት ሳይዘጉ ወደ አዲሱ መግባት ለእሳቸው የማይሆን ነገር ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከሸሚዙ ጋራ ሰጧት። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ አደራ አሉ። ሌላ አደራ አልታያቸውም። ባዶ ወረቀት ባዶ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል ብለው ከየት ይጠርጥሩ?

ኦርታል ቀትር ላይ ደረሰች። ጥራዙ ያምራል፤ ሸሚዙ ሳይጨማደድ ተለጥፏል፣ ጠርዙም በነጭ ፕላስቲክ ጥምዝ ተይዟል። ይታየሽ ግን ገና ጥራዙን እንደ ተቀበሏት ቀለለባቸው። ገለጡት፤ ዓርብ። ቀጣዩን ገለጡ፤ እሑድ። ጥቂት አልፈው ገለጡ፤ እንደገና ዓርብ፣ እንደገና እሑድ።

“ሰንበቶቼስ?” አሉ።

ኦርታል አልገባትም። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ይታየሽ ሲያስረዷት ፊቷ ተለዋወጠ። ማባዣ ቤት ያለው ሰው፣ ኡሪ የሚባለው፣ በወረቀታችሁ መካከል ነጭ ወረቀት በስሕተት ገብቶ ነበር፣ እኔ ለቅሜ አውጥቼላችኋለሁ ብሏት ነበር። በደግነት ነው የሠራው። እሷም አመስግናው ወጣች።

“ሌላ ነጭ ወረቀት እናስገባበት፣ ሳቭታ” አለች ዝግ ብላ፤ አያቷን በዕብራይስጥ የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

ይታየሽ ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር።

አውቶቡሱ እንደዚያ ቀን ተንቀራፎ አያውቅም። ይታየሽ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ፣ መብራቱ ቀይ ይሆናል፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ጥሎት ይሆን? ቀድዶት ይሆን? ከሌላ ሰው ወረቀት ጋራ ማሽን ውስጥ ከቶት፣ አሁን የማንም ሰው የመብራት ሒሳብ ታትሞበት ይሆን? ሹፌሩ በመስተዋት አይቷቸው፣ እማማ ቁጭ ይበሉ፣ ይወድቃሉ አላቸው፤ ተቀመጡ፣ ተነሡ። ኦርታል እጃቸውን ብትይዝ ጣቶቻቸው በመዳፏ ውስጥ ይመቱ ነበር። ፊደል፣ ቅጥያ። ፊደል፣ ቅጥያ።

ማባዣ ቤቱ በበዓል ዋዜማ ሰው ሞልቶታል። ኡሪ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው የሚያስተናግድ ሰው ነው። ኦርታል በዕብራይስጥ ነገሩን ስትነግረው ሥራውን አቆመ። ወረቀቱን አልጣለውም። መልካም ወረቀት አይጣልም ብሎ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ባለ ሣጥን ከትቶታል፤ ደንበኛ እስክሪብቶ የሚሞክርበት፣ እናቱን የሚጠብቅ ሕፃን የሚሞነጫጭርበት ሣጥን ነው። አውርዶ ሰጣቸው። ይታየሽ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሡ ለቀሙ። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሰንበት ተገኘ። ድመት የተሣለበት ሰንበት ተገኘ። ያልተነካውም ብዙ ነበር። ክብ ያለበት ግን የለም።

እንደ ገና ከላይ እስከ ታች ለቀሙ። የለም። ከኋላቸው ሰልፍ የያዘ ሰው ያላ፣ ቶሎ በሉ እያለ ያጉረመርማል። ኡሪ የጠፋው ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ፤ ኦርታል በጣቷ አየር ላይ ክብ ሠራችለት።

ኡሪ ቀላ። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረና ከአጠገቡ ያለውን የቡና ኩባያ ቀስ ብሎ አነሣ። ከሥሩ ያ ወረቀት ነበር። ቀድሞውንም የብርጭቆ ምልክት አለበት፣ ለሌላ ነገር አይሆንም ብሎ ኩባያ ማስቀመጫ አድርጎታል። አሁን ክቡ ብዙ ሆኗል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ፣ ገሚሱ ጎዶሎ፣ ገሚሱ ሙሉ።

ሰውየው ይቅርታ ሲጠይቅ ቃሉ ተደናቀፈበት። ይታየሽ “ሎ ኖራ” አሉት፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ግድስ ነበራቸው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ወረቀቱን ከመስኮቱ እያስጠጉ አዩት። ሻይና ቡና እርጥብ ሳሉ ይለያሉ፤ ከደረቁ በኋላ ግን ያው ቡናማ ናቸው።

ቤት ሲገቡ ፕላስቲኩን ፈቱት። የማሽኑ ቀዳዳ ለክሩም ስለሚሆን መበሳት የሚያስፈልጋቸው ሰንበቶቹ ብቻ ነበሩ። ይታየሽ ወረቀቱን ያመቻቻሉ፣ ኦርታል ወስፌውን ትገፋለች። የመጀመሪያውን ሰንበት አጣምማ በሳችው፤ ይታየሽ አባታቸው ቢያዩ ከአንጥረኛ ዘር መሆኗን ይክዱ እንደ ነበር ነገሯት። ሁለተኛው ተሻለ። ዓርብ፣ ሰንበት፣ እሑድ። ስልክ ቁጥሩም ድመቱም ገቡ፤ የቱ ሰንበት የቱ እንደ ነበር ለይቶ የሚያውቅ ስለ ሌለ በእጅ እንደ መጡ ገቡ።

ቦታው ቁርጥ ሆኖ የታወቀው አንዱ ብቻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ኦርታል ወስፌውን ያዝ አደረገች።

“ሳቭታ፣ የአያቴ የትኛው ነው?”

ይታየሽ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዙረው አዩት፤ ገለበጡት፤ መልሰው አዩት።

“ከመካከላቸው አንዱ ነው” አሉ። “እሱ እንደሆነ ብቻውን መጠጣት አይወድም።”

ኦርታል በሳችው። ይታየሽ ክሩን አሳልፈው በግራ እጃቸው ጠበቅ አደረጉት፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ሰፍተው በጥርሳቸው በጠሱ። ልባሱን ከዘጉ በኋላ ተነሥተው ወደ በረንዳው አመሩ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ተመለሱና ጥራዙን ክቦቹ ካሉበት ሰንበት ላይ እንደ ገና ገለጡ።