አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል

ልጄ ስትወለድ የግራ እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። ጄሶ እየታሰረ፣ እየተፈታ፣ ደግሞ እየታሰረ ቀና። የመጨረሻው ጄሶ የተፈታ ዕለት እግሯ እንደ ማንም ልጅ እግር መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳየው አልቅሼ አመሰገንሁ። ሐኪሙ ግን ብዙ አላስደሰተኝም።

"ሥራው ገና አሁን ነው የሚጀምረው" አለኝ። "በየቀኑ በሥርዓቱ ካልተሳበና ካልተያዘ ተመልሶ ይዞራል።"

አያያዙን የምታስተምረው ባለሙያ አዲስ አበባ ነበረች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሆኜ በኢንተርኔት ስብሰባ አገናኙን። እሷ እዚያ አሻንጉሊት ይዛ ታሳያለች፤ እኔ እዚህ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እከተላለሁ። አምስት ዓይነት አያያዝ ነበር። በመጀመሪያው ልጄ ስታለቅስ ደነገጥሁና በልቤ አቡነ ዘበሰማያት አልሁ። አሜን ስል ባለሙያዋ እጇን ለቀቀች። ደገመችው፤ እኔም ደገምሁ፤ አሁንም አሜን ላይ ለቀቀች። የቀሩትን አራቱን ልጄን ሳባብል በደንብ አላየኋቸውም። ግድ አልሰጠኝም፤ ስብሰባው እየተቀዳ ነበር። የቀዳው ሠራተኛ በፍላሽ አድርጎ ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ዳንግላ ቤቴ ደርሼ ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ምንም ቪዲዮ የለም አለ። ነቅዬ በነጠላዬ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት። የለም አለ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተርም እንቢ አለ። ሆስፒታል ደወልሁ።

"እኛ ጋ ይከፍታል" አለኝ የቀዳው ሠራተኛ።

"እኛ ጋ አይከፍትም።"

"የስብሰባው ፕሮግራም ስለሌላችሁ ነው። ከሱ በቀር በሌላ አይከፈትም።"

"እንግዲያው በሌላ እንዲከፈት አድርጋችሁ ብትሰጡኝ?"

"እኛ ጋ ይከፍታል እኮ!"

በዚያው አፉ ኮምፒውተሩ ሲሞላ የቆየውን ሁሉ እንደሚያጠፉ፣ የኔም እንደጠፋ ነገረኝ። ባለሙያዋን እንደገና ለማግኘት ወረፋው ወራት ነው። እግር ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ፍላሹን በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርሁት።

ገበያው አጠገብ ዘፈንና መዝሙር በሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ነበር። ባለሱቁ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ "አለቀ" ብሎ መለሰልኝ። ቤት ስወስደው ቴሌቪዥኑ ስሙን አነበበ፤ ስከፍተው ጠቆረ። ተመልሼ ሄድሁ።

"ምን አድርገህ ነው?" አልሁት።

"የስሙን መጨረሻ ቀይሬ ቪዲዮ አደረግሁት።"

"ስሙን ብቻ?"

"ስሙን።"

"በቅሎን ባዝራ ብለው ቢጠሯት ትወልዳለች እንዴ?"

ሳቀ። የቀየረውን ስም መለሰና "እትዬ፣ እንጅባራ ይውሰዱት" አለኝ። "ሰርግ የሚቀርጽ ሰውዬ አለ፤ ኮምፒውተሩ ጉልበታም ነው።"

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድሁ። ሰርግ ቀራጩ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ገና ሲያየው "ይኼ የስብሰባ ፋይል ነው" አለ። ሕመሜን የሚያውቅ ሐኪም ያገኘሁ መሰለኝ። ግን መለወጫው ፕሮግራም መጀመሪያ ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት፤ ኔትወርኩም እየመጣ ይሄዳል። እስከ ቀትር ጠብቄ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፕሮግራሙ ወርዶ ጠበቀኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ስብሰባው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ከፈጀ፣ መለወጡም አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። ተቀመጥሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እየሞላች የምትሄደውን ቀጭን መስመር አፍጥጬ አየሁ። ጣት የምታህል ስትቀራት መብራት ጠፋ።

"ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል?" አልሁት።

"አይቀጥልም እትዬ። ከሀ ነው።"

መብራቱም ሳይመጣ መሸ። ፍላሹን ትቼለት ሄድሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ከበር ሲያየኝ ፊቱ በራ። "አልቋል!" አለ። "በደንብ አሳምሬዋለሁ።" ማሳመር የሚለው ቃል ያን ጊዜ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። አመስግኜው፣ መርቄው ሄድሁ።

ቤት ስከፍተው ሁለት የወርቅ ቀለበቶች እየተሽከረከሩ መጡ። ከላይ የጽጌረዳ ቅጠል ይረግፋል። ከዚያ ባለሙያዋ ታየች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን መዝሙር ነው። ሰርግ ቀራጩ ማተቤንና ነጠላዬን አይቶ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኔን አውቆ፣ ደስ ይላታል ብሎ ነው። ተናደድሁ። እጆቿ ግን ይታዩ ነበር። እኔ ሥራ ስውል ልጄን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ አገውኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛው ቢኖርም ባይኖርም ለሳቸው ያው ነው፤ በዓይናቸው ይከተላሉ። ይሁን አልሁ። ሙሉውን ሳላይ ይሁን ማለቴ የኔ ጥፋት ነው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ቶሎ ተለቀቅሁ። የልጄ ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። አማቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው፣ ያችን እግር ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፤ እንደ ወናፍ።

"እማ፣ ምነው እንዲህ ቸኮሉ?" አልኋቸው በተሰባበረው አገውኛዬ።

"እኔ ምን ላድርግ?" አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። "የምትቸኩለው ያች ናት። መኪና ያመልጣታል መሰለኝ።"

ከመጀመሪያው አስጀመርሁት። ባለሙያዋ እግሩን ስትይዝ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀመርሁ። "ይትቀደስ ስምከ" ላይ ሳልደርስ ለቀቀች፤ መልሳ ያዘች፤ ለቀቀች። ያች ሴት አልቸኮለችም፤ ቆርጠዋት ነው። የቪዲዮውን ርዝመት አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የነበረው አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኗል። የመጀመሪያውን አያያዝ በጸሎቴ ላስተካክለው እችል ነበር። አራቱን ግን ስንት እንደሚቆዩ አላውቅም።

ቅዳሜን አልጠበቅሁም። በማግስቱ አስፈቅጄ እንጅባራ ሄድሁ።

"እትዬ! አልወደዱትም እንዴ?"

"መሀሉ የት ሄደ?"

"የቱ መሀሉ?"

"እግሩን ይዛ የቆየችበት።"

"እሱማ ምን ይታይበታል? ዝም ብላ ይዛ ትቀመጣለች እኮ! ሰርግም ቢሆን ሙሽሮቹ የሚገተሩበትን ሁሉ ቆርጬ ነው የማወጣው፤ አለዚያ ማን ያየዋል? ለርስዎ ብዬ ስንት ለፋሁ መሰለዎት።"

"መድኃኒቱ እሱ ነበር" አልሁት። "ዝም ብላ የያዘችበት።"

ሳቁ ጠፋ።

"ዋናው ፋይል ፍላሹ ላይ አለ። እንደገና ለውጠው" አልሁ።

አንገቱን ደፋ። "ፍላሹ ሞልቶ አላስገባ ሲለኝ . . . አጥፍቼዋለሁ።"

መጮኽ አልችልበትም። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቀይ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ።

"እትዬ፣ ይቆጡኝ እንጂ!"

"ፈልገው" አልሁት።

መፈለግ ያዘ። ሰርግ ከፈተ፣ ክርስትና ከፈተ፣ ምርቃት ከፈተ። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ኬክ ሲቆርሱ አየሁ። ሻይ አስመጣልኝ፤ "ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ" አልሁት። ደነገጠና ብርጭቆውን ከፊቴ አነሳው፤ የሱንም ሳይጠጣ ተወው። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ እመቤቴን እለምን ነበር።

"እዚህ አለች!" ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "ሳልቆርጥ መጀመሪያ የለወጥሁት! ጫግኒ የቀረጽኋት ሙሽራ የሰርግ ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጥሁት!"

ያችን ሙሽራ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ። ስሟን ስለማላውቅ የጫግኒዋ ሙሽራ እላለሁ።

"አታሳምረው" አልሁት።

"ምንም?"

"ምንም።"

ቤት ስከፍተው ሁለቱ ቀለበቶች እየተሽከረከሩ መጡ። መግቢያ የሌለው ቪዲዮ ከእጁ አልወጣለት ብሎ ይሆናል። ሪሞቱን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀለበቶቹ አለፉ፣ ባለሙያዋ መጣች፣ ድምፅዋም ተሰማ። እግሩን ያዘች። አማቴም ያዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ ጀመርሁ፤ አሜን ስል ለቀቀች።

"አሁን ገና ልብ ገዛች" አሉ አማቴ።

ሁለተኛውን አየን፣ ሦስተኛውን አየን፣ እስከ አምስተኛው። አንዱ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ይፈጃል፤ የቀሩት አንድ አንድ። ለአማቴ ይህን ስነግራቸው "ቀድሞ ይህን ብትነግሪኝ ቴሌቪዥን ምን ያደርግልኝ ነበር?" አሉኝ። ቀድሞ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ እየጸለዩ ያዙላት። አልፎ አልፎ እንቅልፍ ወስዷት እንኳ እሳቸው ጸሎቱን ሳይጨርሱ አይለቁም ነበር።

ባለፈው መስከረም ለትምህርት ቤት ጫማ ልንገዛላት ሄድን። ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ አወረደና ያለ ምንም ጥያቄ ሁለቱንም አጠለቀላት። ልክ ሆኑ። እሷ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትራመድ ግራውን እግር አየሁት። ተመስገን ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።