«የማን ልጅ ነዎት?»

አጎቴ ከሰው ሲተዋወቁ ከስም አስቀድመው የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነበር። አሜሪካ ሮዝቪል ከተማ፣ አጎቴ ባሉበት የአፓርታማ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖሩ አዛውንት ፈረንጅ ጥያቄውን ተረጎምኩላቸው። ፈረንጁ ደስ አላቸው። ዘራቸው ከስኮትላንድ እንደሆነ፣ ቅድመ አያታቸውም በግ ሰርቀው በመርከብ አሜሪካ እንደገቡና እዚህ ዳኛ እንደሆኑ አጫወቱን።

አጎቴ ሳቁ። «ንገሪያቸው፣ የኔም ቅድመ አያት በግ አይምሩም ነበር» አሉና ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሕንፃው መግቢያ ሶፋ ላይ የአያቶቻቸውን ስም ሲለዋወጡ ይውሉ ነበር፤ ስም አስተርጓሚ አይፈልግም። ዛሬ የአጎቴ ቦታ ባዶ ነው።

ለቅሶው ላይ ፈረንጁ የስኮትላንድን የወንዶች ቀሚስ ለብሰው መጡ። እዚሁ የተወለደችው ልጄ ስለ አጎቴ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እኔ ከአራተኛው የማላልፈውን የአያቶቻችንን ስም እስከ መጨረሻው ቆጠሩላት። እኔም ወንበሬን አስጠግቼ አዳመጥኩ።